ተጠራቃሚ ጭማሪ፦ አጭር ምትን የሚያሳድገው የሙዚቃ ማሽን ስሌት

ጥር ሲገባ በገጠሩም በከተማውም የሠርግ ድንኳን ይበዛል። ቀድሞ ከበሮ፣ ማሲንቆና ጭብጨባ ብቻ ይሰማበት በነበረው ድንኳን ዛሬ ኪቦርድ፣ ድምፅ ማጉያና ጀነሬተር አብረው ይገባሉ። አንድ ተጫዋች ሙሉ ባንድ ተክቶ ማምሸት የሚችለው በኪቦርዱ ውስጥ የተሞላው ምት ራሱን በራሱ ስለሚመታለት ነው። የታዳሚው ቅሬታም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በመጀመሪያው ዘፈን የተመታው ከበሮ በሃያኛውም ዘፈን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጉልበት ይመታል። የሰው እጅ ግን እንዲህ አይደለም። ከበሮ የምትመታ ሴት ጨዋታው እየሞቀ ሲሄድ ምቷ ይጠነክራል፣ ዘፋኙ ሲያንጎራጉር ታለሰልሳለች፣ ጭፈራው ሲጦፍ ደግሞ ታከርረዋለች።

ማሽን የታዘዘውን ይደግማል፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ጥያቄው “በየጊዜው ጥቂት እየለወጥህ ድገም” ተብሎ ሊታዘዝ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ይቻላል። ከመንገዶቹ አንዱ ተጠራቃሚ ጭማሪ ይባላል። ስሌቱ መደመር ለሚችል ሁሉ ቀላል ቢሆንም አያያዙን ያላወቀ ተጫዋች ዘፈኑን ከቅኝት ሊያወጣበት፣ ከበሮውንም በጨዋታ መሀል ሊያሳጣው ይችላል።

ስሌቱ የሚሠራበት መሣሪያ ስቴፕ ሲኩዌንሰር ይባላል። ፊቱ ላይ 8 ወይም 16 ቁልፎች በተርታ የተደረደሩበት ሳጥን ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ “ስቴፕ” ሲሆን ለአርሶ አደሩ “እርከን” የሚለው ቃል ሳይቀርበው አይቀርም፤ በተዳፋት ማሳ ላይ እንደተሠራ እርከን እያንዳንዱ የተሰጠውን ይዞ በቦታው ይቀመጣል። በአንድ እርከን ላይ የትኛው ድምፅ እንደሚሰማ፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚመታና ምን ያህል እንደሚቆይ ይመዘገባል። ማሽኑ ከመጀመሪያው እርከን ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ይሄድና ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ይህ አንድ ዙር ነው። 16 እርከን በአራት ለሚቆጠር ምት ይስማማል። ችክችካ ግን የሚቆጠረው በስድስት ስለሆነ 12 እርከን ይበልጥ ይመቸዋል፤ አብዛኞቹ ማሽኖችም የእርከኑን ብዛት ለማሳጠር ይፈቅዳሉ።

ብዙዎቹ ሲኩዌንሰሮች በራሳቸው ድምፅ አያወጡም። ሥራቸው በሽቦ ለተያያዘው ኪቦርድ ወይም የከበሮ ማሽን ትእዛዝ መላክ ነው። ትእዛዙ የሚላክበት ቋንቋ ሚዲ ይባላል። ከሚዲ በፊት የአንዱ ፋብሪካ ኪቦርድ ከሌላው ፋብሪካ ኪቦርድ ጋር በቀላሉ አይግባባም ነበር። እ.ኤ.አ በጥር 1983 በአሜሪካ በተካሄደ የሙዚቃ መሣሪያዎች ዐውደ ርዕይ ላይ የአሜሪካው ሲኩዌንሺያል ሰርኪትስና የጃፓኑ ሮላንድ የሠሯቸው ሁለት ኪቦርዶች በአንድ ሽቦ ተያይዘው አንዱ ሲመታ ሌላውም አብሮ ድምፅ ሰጠ። ለዚህ ሥራ ከሲኩዌንሺያል ዴቭ ስሚዝ፣ ከሮላንድ ደግሞ ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት አግኝተዋል። ያ ቋንቋ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

በሚዲ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ ሳይሆን ቁጥር ነው። ቁጥሩም ከ0 እስከ 127 ብቻ ይደርሳል። በኪቦርዱ መካከል የሚገኘው “ዶ” ቁጥሩ 60 ነው። ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ሲሆን 12 ቁጥር ሲኬድ አንድ ኦክታቭ ይሞላል። የምት ኃይልም እንዲሁ በቁጥር ይለካል፤ 30 ለስለስ ያለ፣ 120 ደግሞ ጠንካራ ምት ነው። ስለዚህ ሲኩዌንሰሩ “60ን በ90 ኃይል ምታ” ይልና ጥቂት ቆይቶ “60ን ልቀቅ” ይላል። ቁጥር ደግሞ ይደመራል፣ ይቀነሳል። የጉዳዩ መነሻ ይኸው ነው።

ጭማሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቋሚ ጭማሪ ነው። ዘፋኙ ድምፁ ቀጠን ያለ ሲሆን ተጫዋቹ በሁሉም እርከኖች ላይ 2 ይጨምራል፤ ዜማው ሳይለወጥ በሙሉ ከፍ ይላል፣ እዚያውም ይቆያል። ሁለተኛው ተጠራቃሚው ነው። በመጀመሪያው ዙር ምንም አይጨመርም፤ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ በአራተኛው 6 እያለ ድምሩ ያድጋል። በሬ ለሚያደልብ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ከመደበኛው መኖ ላይ በየቀኑ አንድ ኪሎ መጨመር አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ ሦስት ኪሎ እያሉ መሄድ ሌላ ነው። ሁለተኛው ገደብ ካልተበጀለት በሬውንም ኪስንም ይጎዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በእርከኑ ላይ የተመዘገበው ዋና ቁጥር አይነካም። ማሽኑ የተጠራቀመውን ለብቻው ይይዝና ድምፁን በሚልክበት ቅጽበት ከዋናው ጋር ይደምረዋል። ስለዚህ ተጫዋቹ የተጠራቀመውን ሲሰርዝ ዜማው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ተጫዋቹ ደፍሮ እንዲሞክር የሚያስችለውም ይህ ነው፤ የደከመበት ዜማ አይጠፋበትም።

ይህን አሠራር ከያዙት መሣሪያዎች መካከል ሲኩዌንቲክስ የተባለው የብሪታንያ አምራች የሠራቸው ፒ3 እና ሲርክሎን፣ እንዲሁም የካናዳው ኢንተሊጀል ያወጣው ሜትሮፖሊክስ ይገኙበታል። ዋጋቸው በቀላሉ የሚደፈር ባለመሆኑ እነዚህን መሣሪያዎች መግዛት የሁሉም ተጫዋች አቅም አይደለም። ስሌቱን የተረዳ ሰው ግን በኮምፒውተር ላይ ባሉ የሙዚቃ ሶፍትዌሮችም ሊሞክረው ይችላል።

ለሀገራችን ሙዚቃ ትልቁ ጉዳይ ቅኝት ነው። አራት እርከን ብቻ ያላት አጭር ዜማ በትዝታ ቅኝት ትሠራ እንበል። ቁጥሮቿ 60፣ 62፣ 64 እና 67 ናቸው። ተጫዋቹ በሦስተኛው እርከን ላይ ብቻ፣ ማለትም በ64 ላይ፣ በየዙሩ 1 እንዲጨመር ያዝዛል። በመጀመሪያው ዙር 64 ይሰማል። በሁለተኛው 65፣ በሦስተኛው 66 ይመጣል። የትዝታ ድምፆች ግን ከ60 ተነሥተን ስንቆጥር 60፣ 62፣ 64፣ 67 እና 69 ናቸው፤ ከዚያ በላይ 72 ሲሆን ኦክታቩ ይሞላል። 65 እና 66 ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። የማሽኑ ሒሳብ ምንም ስህተት የለበትም፤ አድማጩ ግን “ምን ነካው?” ብሎ ቀና ማለቱ አይቀርም።

መፍትሔው ማሽኑ የሚቆጥረውን መስፈርት መለወጥ ነው። ሻል ያሉት ሲኩዌንሰሮች ጭማሪውን በግማሽ ድምፅ ሳይሆን በቅኝቱ ደረጃ መቁጠር ይችላሉ። ያን ጊዜ “1 ጨምር” ማለት “በቅኝቱ ውስጥ ወዳለው ቀጣይ ድምፅ ውጣ” ማለት ይሆናል። ያው ሦስተኛ እርከን 64፣ 67፣ 69፣ 72፣ 74 እያለ ይወጣል፤ አንዱም ከትዝታ አይወጣም። ይህ ምርጫ በሌለበት ማሽን ላይ ደግሞ በድምፅ ከፍታ ላይ የሚጠራቀመው ጭማሪ 12 ቢሆን ይመረጣል። ድምፁ ኦክታቭ እየዘለለ ይወጣል እንጂ ቅኝቱን አይስትም።

ትዝታ ከውጭው ዓለም ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ጋር ስለሚገጥም በማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ ይገኛል። የቀሩት ቅኝቶች ግን ከፋብሪካ በመጣው ዝርዝር ውስጥ ላይኖሩ ይችላሉ፤ ማሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ ተጫዋቹ ራሱ ማስገባት አለበት። ከ60 ሲነሡ ባቲ 60፣ 64፣ 65፣ 67፣ 71 ነው። አምባሰል 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68 ሲሆን አንቺሆዬ 60፣ 61፣ 65፣ 66፣ 69 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ኪቦርድ ላይ ለመሥራት ያገለግላሉ እንጂ የማሲንቆና የክራር ተጫዋች በጆሮው የሚቃኘውን ሁሉ አይተኩም። ኪቦርዱ ኦክታቭን በ12 እኩል ቦታ ከፍሎ ያስቀምጠዋል፤ ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን የሚያሳርፍበትን ቦታ ግን የሚወስንለት ጆሮው ነው። ማሽንና ማሲንቆ አብረው ሲጫወቱ የሚሰማው መጠነኛ መፋጨት አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

ከቅኝት ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ገደብ ነው። ጭማሪው የት ይቆማል? እዚህ ላይ የከበሮውን ምት ኃይል መውሰድ ይሻላል። ተጫዋቹ አንዱን የከበሮ እርከን በ48 ኃይል ያስጀምረውና በየዙሩ 8 እንዲጨመር ያዝዛል። ምቱ 48፣ 56፣ 64፣ 72 እያለ ይጠነክራል፤ በአሥረኛው ዙር 120 ይደርሳል። ቀጣዩ 128 ነው። ሚዲ ደግሞ ከ127 በላይ ቁጥር አያውቅም።

በዚህ ጊዜ ማሽኑ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። ጣሪያው ላይ ይቆምና ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በ127 ይመታል፤ ይህ የሚያሰለች ቢሆንም ጉዳት የለውም። ወይም አቅጣጫውን ቀይሮ ወደታች ይቀንሳል፤ ምቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ለከበሮ ከሁሉም የሚስማማው ይህኛው ነው፤ የሰው እጅ ሲጠነክርና ሲላላ የሚሰማውን ይመስላል። ሦስተኛው መዞር ነው። ማሽኑ 128 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከ0 ይጀምራል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። በሚዲ ሕግ በ0 ኃይል “ምታ” ማለት “ልቀቅ” ማለት ነው። ስለዚህ በአሥራ አንደኛው ዙር ያ ምት ጨርሶ አይሰማም፤ በአሥራ ሁለተኛው በ8 ኃይል፣ እንደ ሹክሹክታ ተሰምቶ ይመለሳል። ጭፈራው በጦፈበት ሰዓት አንዱ ከበሮ ድንገት ሲጠፋ ተጫዋቹ ሽቦ የተነቀለ መስሎት ከጠረጴዛው ሥር ይጎነበሳል። ሽቦው ግን በቦታው ነው።

ገደቡን ራሱ ተጫዋቹ ቢወስነው ይህ ሁሉ አይመጣም። ታችኛውን 60፣ ላይኛውን 110 ብሎ ቢያስቀምጥ ምቱ በዚያ መካከል ሲመላለስ ያመሻል። በድምፅ ከፍታም ቢሆን ገደቡ የዘፋኙን ድምፅ ክልል የሚያከብር መሆን አለበት።

የመዞር ስሌት ለብዙ አንባቢ አዲስ ላይሆን ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጣ የሚሠራበት አበቅቴ ተጠራቃሚ ጭማሪ ነው። አበቅቴ በየዓመቱ 11 ይጨምራል፤ 30 ሲያልፍ 30 ይገደፍለታል። በ2016 ዓ.ም አበቅቴ 20 ነበር። በ2017 ዓ.ም 11 ተጨምሮ 31 ሆነ፤ 30 ሲገደፍ 1 ቀረ። በ2018 ዓ.ም 12 ሆነ። በሲኩዌንሰር ቋንቋ ይህ “ጭማሪ 11፣ ገደብ 30፣ ገደቡ ሲታለፍ ዙር” ማለት ነው።

ባሕረ ሐሳብ ሌላም ነገር ያሳያል። አበቅቴ ዝም ብሎ እየተደመረ ቢሄድ በ2024 ዓ.ም 18 ከሆነ በኋላ በ2025 ዓ.ም 29 በሆነ ነበር። ግን አይሆንም። 19 ዓመቱ ሲሞላ ወንበሩ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ በ2025 ዓ.ም አበቅቴም ዜሮ ይሆናል። አንዱ ስሌት የሚጠራቀም ነው፤ ሌላው ከላይ ሆኖ በየ19ኙ የተጠራቀመውን ይሰርዘዋል። በሙዚቃ ማሽኑም ላይ ይህ ሁለተኛ ሥልጣን አለ፤ በእንግሊዝኛ “ሪሴት” ይሉታል፤ ወደ መነሻ መመለስ ነው። ገደቡ የራሱን ዙር ቢዞርም ተጫዋቹ “በየ8 ዙሩ ሁሉንም ወደ መነሻ መልስ” ብሎ ሊያዝዝ ይችላል። አዝማቹ በየ8 ዙሩ የሚመጣ ዘፈን ከሆነ አዝማቹ በተጀመረ ቁጥር ምቱ ከታወቀ ቦታ ይነሣል ማለት ነው። ዘፋኝም ጨፋሪም የሚይዙት ምልክት ያገኛሉ።

የአሠራሩ ትልቁ ጥቅም የሚታየው የተለያየ ርዝመት ያላቸው ጭማሪዎች ሲገናኙ ነው። አንዱ እርከን በ3 ዙር፣ ሌላው በ4 ዙር ወደ መነሻው የሚመለስ ቢሆን ሁለቱ በአንድ ላይ መነሻቸው ላይ የሚገናኙት ከ12 ዙር በኋላ ነው። በ5 ዙር የሚመለስ ሦስተኛ እርከን ቢጨመር ደግሞ መገናኛቸው ከ60 ዙር በኋላ ይሆናል። አንዱ ዙር 2 ሰከንድ ቢወስድ 60 ዙር 2 ደቂቃ ነው። በ12 እርከን የተሠራች አንዲት ትንሽ ምት ያለ ምንም ተጨማሪ ድካም ለ2 ደቂቃ አንዱ ዙር ከሌላው ሳይመሳሰል ትጫወታለች። ይሁን እንጂ የቁጥሩ ብዛት ሊያታልል አይገባም። ሁሉም እርከን በየራሱ መንገድ ሲጓዝ አድማጭ የሚይዘው ነገር ያጣል። ከ12 እርከን ሁለቱ ወይም ሦስቱ ቢንቀሳቀሱ፣ የቀሩት ጸንተው ቢቆሙ ምቱ ችክችካነቱን ሳይለቅ ሕይወት ያገኛል። በተለይ ጨፋሪው ትከሻውን የሚጥልበት ጠንካራ ምት ባይነካ ይመረጣል።

ማሽን ሲገዛም ሆነ ሲከራይ መጠየቅ ያለባቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ። አንዱ ጭማሪው መቼ ይቆጠራል የሚለው ነው። በአንዳንዱ ማሽን አንድ ዙር ሲሞላ ይጨመራል፤ በሌላው ያ እርከን ድምፅ በሰጠ ቁጥር ይጨመራል። አንዱ እርከን በአንድ ዙር ውስጥ አራት ጊዜ ተደጋግሞ እንዲመታ ከታዘዘ በሁለተኛው ዓይነት ማሽን ላይ ጭማሪው በአራት እጥፍ ሊሮጥ ይችላል። ሌላው ሲቆምና ሲነሣ የሚሆነው ነው። ሚዲ “ጀምር” እና “ቀጥል” የሚሉ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች አሉት። “ጀምር” ዜማውን ከመጀመሪያው እርከን ያስነሣል፤ “ቀጥል” ከቆመበት ያስቀጥላል። የተጠራቀመው ጭማሪም አብሮ መሰረዝ አለመሰረዙ ከማሽን ማሽን ይለያያልና መሞከር ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሣ ድረስ ምቱ ቢቋረጥ ከየት እንደሚቀጥል አስቀድሞ ያላወቀ ተጫዋች በሕዝብ ፊት ይደናገራል።

ድምፅ ተንጠልጥሎ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። “64ን ምታ” ተብሎ ከተላከ በኋላ ጭማሪው ተደምሮ “67ን ልቀቅ” ቢባል 64 የሚለቀው ስለሌለ ሳይቋረጥ ይጮኻል። ደህና የተሠራ ማሽን የመታውን ድምፅ ያስታውስና ያንኑ ይለቅቃል። በርካሽ የተሠራ መሣሪያ ወይም በችኮላ የተጻፈ ሶፍትዌር ግን ሊስት ይችላል። ለዚህ ሚዲ “ሁሉንም ድምፅ ልቀቅ” የሚል የራሱ ትእዛዝ አለው፤ የመቆጣጠሪያ ቁጥሩ 123 ነው። ይህ ትእዛዝ በየትኛው ቁልፍ እንደሚላክ ማወቅ ከድንኳን አያሳፍርም።

ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው ከድምፅ ከፍታ ሳይሆን ከምት ኃይል መነሣት ነው። በኃይል ላይ የሚሠራ ስህተት ቅኝት አያበላሽም። አንድ ደካማ ምት መርጦ፣ 60ን ታችኛ፣ 100ን ላይኛ ገደብ አድርጎ፣ በየዙሩ 1 እየጨመረ እንዲወጣና እንዲወርድ ማዘዝ በቂ ነው። አንዱ ዙር 2 ሰከንድ ከሆነ ከታች ላይ ለመድረስ 40 ዙር፣ ማለትም 80 ሰከንድ ይፈጃል። ለውጡ ከዙር ወደ ዙር አይታወቅም፤ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ግን ይሰማል። ከዚያ በኋላ የድምፁን ድምቀት በሚቆጣጠረው ቁጥር 74 ላይ ተመሳሳዩን መሞከር ይቻላል፤ ይህን ቁጥር በሚቀበል ኪቦርድ ላይ ታፍኖ የጀመረ ድምፅ ቀስ በቀስ እየጠራ ይመጣል። የድምፅ ከፍታ ቢቆይ ይሻላል፤ ቅኝቱ ማሽኑ ላይ በትክክል መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ ይደረስበታል።

ሙከራው ደግሞ እቤት ማለቅ አለበት። ብዙዎች ማሽኑን አምስት ስድስት ዙር ያዳምጡና “ሠርቷል” ብለው ይነሣሉ። በዚህ ፍጥነት የ5 ደቂቃ ዘፈን 150 ዙር ነው፤ የገደብና የመዞር ስህተት የሚታየውም ከመቶ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማሽኑን አስነሥቶ፣ ምንም ሳይነኩ፣ 150ውን ዙር እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ያስፈልጋል።